የአሥር ዓመት ሣር

«እንግዳ ሊመጣ ነው» ሲባል ልቡ የማይደነግጥ የመሥሪያ ቤት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የዘመድ እንግዳ አላልሁም። የዘመድ እንግዳማ ምን ችግር አለው? አልጋ ይለቀቅለታል፣ ዶሮ ይሠራለታል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ሚኒባሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ በትሕትና ይነገረዋል። እኔ የምላችሁ እስክሪብቶ ይዞ የሚመጣውን ነው። እሱ ሊመጣ ነው ሲባል ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የከረመው መጸዳጃ ቤት ይከፈታል። ከግቢው በር እስከ ቢሮው ያሉት ድንጋዮች ኖራ ይቀባሉ። እግሩ የተሰበረው ወንበር ከግድግዳ ተደግፎ ጤነኛ ይመስላል። ማናችንም የማናስታውሰው ራዕያችን በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይሰቀላል። እናንተም መቼም አንድ ቀን ኖራ ቀብታችኋል። አልቀባሁም የሚል ሰው ካለ ገምጋሚው ራሱ መሆን አለበት።

እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ያስቀባሁ ሰው ነኝ። ሙያዬ ግን ባዮሎጂ ነው። ከባዮሎጂ ወደ ኖራ እንዴት እንደተሸጋገርሁ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ጭንቀታም መሆኔን ልናዘዝ። በር ቆልፌ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምነካ ሰው ነኝ። ፈተና ሳወጣ ከተማሪው ይልቅ የሚያልበው እኔን ነው። ባለቤቴ «አንተ የምትጨነቅበት ነገር ያጣህ ቀን ምን ረስቼ ይሆን ብለህ ትታመማለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ሁለቴ ታምሜያለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት። ስመደብ አንድ ማይክሮስኮፕ ተረከብሁ፤ ሌንሱ ግን አልነበረም። «ሌንሱ ቢኖር ኖሮ እዚህ ውስጥ ሴል ይታይ ነበር» እያልሁ ተማሪዎቼን በተራ አሰልፌ ባዶውን ቱቦ አሳያቸዋለሁ። የዳባት ልጅ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ዐይኑን አስጠግቶ ትንሽ ይቆይና «አየሁት መምህር» ይለኛል። ስለ ልብ የማስተምርበት ሳምንት ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። የበግ ልብ አምጥቼ ከፍቼ ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ ሥጋ ቤቱ ግን ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንስ ግማሹ ክፍል የቄስና የመሪጌታ ልጅ፣ በጾም ልብ ይዤ ብገባ ምን እባላለሁ? ልብን ከፋሲካ በኋላ አዛወርሁትና ኩላሊትን አስቀደምሁ። ሊገመግመኝ የመጣ ተቆጣጣሪ «ኩላሊት ከልብ ለምን ቀደመ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጾም ስለሆነ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ በዚያች መስመር ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከዚያ ማስተርስ ተማርሁ፤ ከማስተርስ በኋላ ኮሌጅ ገባሁ፤ ከኮሌጁ ሆኜ ዶክትሬቴን ሠራሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጡረታዬ ገና አልተፈረመም። ጥናቴም የተጀመረው ያኔ ነው።

ጥናቴ ቀላል ነበር፤ እንዲያውም ቀላልነቱ ያሳፍራል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ፣ የፓርኩ ወሰን ጋ ሳትደርሱ ወደ ቀኝ ብትታጠፉ አንድ የጋራ ግጦሽ ታገኛላችሁ። ከብት በዝቶበት ሣሩ ከመሬቱ እኩል ሆኗል። የእኔ ጥያቄ፣ ከዚህ መሬት ላይ ከብት ቢነሣ ሣሩ ምን ይሆናል የሚል ነው። የትኛው ዘር ይመለሳል? የትኛው ጠፍቶ ይቀራል? ይህን ለማወቅ አሥር ዓመት ያስፈልገኛል ብዬ ለአገሩ ሽማግሌዎች አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ከብት ካልበላው ያድጋል» አሉኝ አንዱ፣ ሊረዱኝ ፈልገው፤ «ይኸንን ለማወቅ ነው አሥር ዓመት?» ሌሎቹም የተማረ ሰው እንዲህ መሆኑ አሳዝኗቸው ነው መሰለኝ ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ መሬት ፈቀዱልኝ። በድንጋይ ካብ አሳጠርሁት። ለጥበቃው አያ ጫኔን ሰጡኝ።

አያ ጫኔ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የዘገየ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ዳባት አስተምሬያታለሁ፤ ጥበቃውን የተቀበሉትም በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ቤታቸው ከካቡ አጠገብ ነው። «ከብት እንዳይገባ፣ አሥር ዓመት ሳይነካ ይቆይ፤ በአሥረኛው ዓመት እንጨርሳለን» አልኋቸው። «እሺ» አሉ። ውል የለ፣ ፊርማ የለ፤ እሺ አሉ፣ አለቀ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲብት እወጣለሁ፤ ከካቡ ውስጥ አምስት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን የብረት ፍሬሜን እጥልና በውስጡ ያለውን ሣር በመቀስ ቆርጬ በየዓይነቱ ለይቼ፣ ቆጥሬ፣ መዝኜ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ዓመት ለቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ ብቅ አለ። በአምስተኛው ዓመት ስሙን መጽሐፍ ገልጬ የፈለግሁት አንድ ሣር መጣ። በሰባተኛው ዓመት ሣሩ ወገቤ ደረሰ። ከካቡ ውጭ ያለው መሬት ግን ያው እንደ ተላጨ ነው። ካቡ ላይ ቆሜ አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ስመለከት፣ አትታዘቡኝና፣ እንባዬ ይመጣ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው።

በዚህ መሐል፣ በአራተኛው ዓመት፣ ዲን አደረጉኝ።

ዲንነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። አንድ ማኅተም፣ ሃያ ሦስት ቁልፍና የማያልቅ ስብሰባ ነው። ስብሰባው ላይ ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሚሆን ትወያያላችሁ። የመምህራን የመኖሪያ ቤት ዕጣ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ሽሮ ቀጠነ የሚል አቤቱታ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። ማስተማሩን ወደ አንድ ኮርስ ቀነስሁት። ጥናቴን በየዓመቱ «ዘንድሮስ በጊዜ እወጣለሁ» እያልሁ ሁለት ቀን ሰርቄ እደርሳለሁ፤ በዘጠነኛው ዓመት ግን ሁለት ቀን የሚሰረቅበት ቦታ ጠፋ። ከበላይ የሚመጣ ጎብኚ ነበር፤ ድንጋይ እያስቀባሁ ጥቅምት አለፈ። አንዱ ዓመት ባይለካ ግድ የለም፣ ዋናው የመጨረሻው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ራስን ማጽናናት የዲኖች ዋና ሙያ ነው።

አሥረኛው ዓመት ሲገባ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት አመለከትሁ። ዕድሜዬ ሄዷል፣ በእጄ ያለው ጥናት ይህ ብቻ ነው፣ ይህም የሚሞላው በአሥረኛው ዓመት ልኬት ነው። ሁለት ገምጋሚዎች ተመደቡ፤ አንደኛው ሊቀ መንበሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በሣር ጥናት ያረጁ ትልቅ ሰው፤ ሁለተኛዋ ዶክተር ሰብለ፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ በጥያቄ ግን ማንንም የማትምር። «የመጨረሻው ልኬት በተገኘንበት ይካሄድ» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ። ቀኑም ለኅዳር ተቆረጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያመጣው ጭንቀቴ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። አያ ጫኔ ስልክ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም እዚያ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ልጃቸው ደወልሁ፦ ከባድ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፣ አባትሽ ካቡን አደራ ይጠብቁልኝ። «እነግረዋለሁ መምህር» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ብትረሳውስ? ከዳባት በሚነሣው ሚኒባስ ሾፌር በኩል ደባርቅ ገበያ ለምትወጣ የመንደራቸው ሴት ሁለተኛ መልእክት ሰደድሁ። ሴትዮዋ ገበያ ባትወጣስ? ለደብራቸው ቄስ ሦስተኛ መልእክት ላክሁ። ቄሱ ቢዘነጉስ፣ ቢታመሙስ? በመጨረሻ ያችን ማኅተም አወጣሁ። ለቀበሌው በኮሌጁ ርእስ ወረቀት ላይ፣ ከፍተኛ እንግዶች የሚመጡ መሆኑን፣ ለጥናት ቦታው አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ እንዲደረግ በአክብሮት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍሁ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁበት። ኋላ እንደሰማሁት ደብዳቤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ ተነቧል።

ቀኑ ደረሰ። ደባርቅ አድረን ማለዳ በመኪና ተነሣን፤ መኪናው እስከሚችለው ሄደ፣ ከዚያ ለሊቀ መንበሩና ለዶክተር ሰብለ በቅሎ አቀረብን፣ እኔ በእግሬ። በቅሎ ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ሲጨነቅ ይፈጥናል። ሊቀ መንበሩ በቅሏቸው ላይ ሆነው በፓርኩ ውስጥ ስላሉት ስለ ጨነቅና ስለ ጊች ሜዳዎች ያወሩኛል፣ እኔ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ፤ አንዱም ቃል አልገባኝም። ሐሳቤ ካቡ ላይ ነው። ካቡ ፈርሶ ይሆን? ከብት ሰብሮ ገብቶ ይሆን? ሰደድ እሳት? የአንበጣ መንጋ? ሣሩን ለቤት ክዳን የሰረቀ ሌባ? ዘጠነኛውን ዓመት ለምን ዘለልኸው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሆዴን ቆረጠኝ። ከመንገዱ ወረድ ብዬ ተመለስሁ። ትንሽ ሄደን እንደገና ቆረጠኝ። ዶክተር ሰብለ «ከፍታው ነው?» አለችኝ። ዳባትና ደባርቅ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ከፍታ ያመው ይመስል «ሳይሆን አይቀርም» አልኋት።

ያን ቀን ከፈራኋቸው መዓቶች አንዱም አልደረሰም።

መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። ገና ኮረብታውን ሳንታጠፍ የታጨደ እርጥብ ሣር ሸተተኝ። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም፤ በዙሪያው ደግሞ ሊታጨድ የሚችል ሣር ከአንድ ቦታ በቀር የለም። ቆም አልሁ፣ ያ ገብስ ይሆናል አልሁ፣ ኅዳር አይደል ወሩ፣ ገብስ ይታጨዳል። ገብስ ግን እንዲህ አይሸትም። ኮረብታውን ታጠፍን።

መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ቄሱ ጥላ ይዘዋል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከእኛ እግር ሥር ጀምሮ እስከ ካቡ በር ድረስ መንገዱ ሁሉ ሣር ተጎዝጉዟል፤ ቀጭን ጉዝጓዝ እንዳይመስላችሁ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠመ። በበሩ አጠገብ ደግሞ ለመቀመጫ ከፍ ብሎ ተከምሯል፤ በላዩ ላይ ጋቢ ተነጥፏል። ሊቀ መንበሩ ከበቅሏቸው ወርደው ጉዝጓዙን ሲረግጡ ፊታቸው በራ፤ «ምን ያለ አቀባበል ነው! እንዲህ ያለ ሣር ከየት መጣ?» አሉ። እኔ በካቡ ላይ አንገቴን አሰገግሁ። ካቡ አንድ ድንጋይ አልጎደለበትም። ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር ታጭዷል። ማጭዱ የተጓዘበት መስመር እንኳ ቀጥ ያለ ነው፤ አያ ጫኔ ሥራ ሲሠሩ አይቀልዱም።

ለምን እንደሆነ እናንተ ገብቷችኋል፤ ለእኔም የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ሣር ሳይጎዘጎዝ መቀበል በዚያ አገር ነውር ነው። አራት ጊዜ መልእክት ልኬ፣ በማኅተም አስነብቤ እንግዳው ትልቅ መሆኑን ያረጋገጥሁት እኔ ነኝ። በኅዳር፣ በዚያ በተላጨ መሬት፣ ለዚህ ማዕርግ የሚመጥን ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ስለ ከብት ስናወራ ኖርን፤ ስለ ማጭድ ማንሣት ለማናችንም ትዝ ብሎን አያውቅም።

ዘወር ስል እንግዶቹን ያመጡት በቅሎዎች ልጓማቸው ተፈቶላቸው አንገታቸውን ከጉዝጓዙ ቀብረዋል። አሥረኛውን ዓመት እየበሉት ነው።

ተቀመጥን። የአያ ጫኔ ባለቤት እትዬ ውባለም ጠላና ቆሎ አቀረቡ። አያ ጫኔ ከእኛ ፊት ቆመው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አጣምረው፣ ፊት ለፊት ያዩኛል፤ ስለ ሥራቸው እሰይ እንድላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ። እኔ ጠላውን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ያኔ ዶክተር ሰብለ ብድግ ብላ በካቡ ላይ ተመለከተችና ዘወር አለች፤ «ሣሩ የታለ?» አለች።

ሦስታችንም የተቀመጥነው በላዩ ነው።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ብደብቃችሁ ደስ ባለኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «ዛሬ እኮ የአጨዳ ቀን ነው» አልሁ፤ «በአሥረኛው ዓመት ሙሉ በሙሉ ይታጨድና… ይመዘናል።» ድምፄ የዲን ድምፅ ነበር። ስድስት ዓመት ለጎብኚዎች የተሰበረውን ወንበር ደኅና ነው ስል የኖርሁበት ድምፅ ነው፤ ሳልጠራው መጣልኝ። ዶክተር ሰብለ እስክሪብቶዋን አወጣች። ሊቀ መንበሩ ግን ደስ ብሏቸው ወደ አያ ጫኔ ዞሩ።

«ታዲያ አያ ጫኔ፣ አጨዳው ሁልጊዜ በዚህ ወር ነው?»

 አያ ጫኔን በዐይኔ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን በዐይን መለመን የሚባል ነገር አያውቁም፤ የተጠየቁትን ይመልሳሉ።

«የለም ጌታዬ፤ ታጭዶም አያውቅ» አሉ በዚያ በዘገየ ድምፃቸው። «መምህር አትንኩት ነው የሚሉኝ። ይኸ ትናንት ለእናንተ ነው የታጨደ። እንዲህ ያለ እንግዳ እኮ በባዶ መሬት አይቀመጥም።»

 በቅሎዎቹ ሲያኝኩ ይሰማል።

«አትንኩት ካሏችሁ ለምን አጨዳችሁት?» አለች ዶክተር ሰብለ፤ ለስለስ ብላ ነው የጠየቀችው።

አያ ጫኔን ጥያቄው ግራ አጋባቸው። እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «ምነው፤ በአሥረኛው ዓመት ያልቃል ተብሎ የለም? አሥር ዓመት ሲጠበቅ ለትልቅ ቀን ነው ብዬ ነው እንጂ። ይኸ ካልሆነ ታዲያ ለምን ኖሯል የምጠብቀው?»

እትዬ ውባለም ማድጋቸውን እንደያዙ ሳቅ አሉ፤ የአቤቱታ ሳቅ ነው። «እሱማ በዚህ ሣር ቀልድ አያውቅም፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ጊደራችን እዚህ ካቡ ላይ አንገቷን አስደግፋ፣ እያየችው ነው የሞተች። ክፈትላት አልሁት። አደራ ነው አለኝ። ይኸው ዛሬ ለወጉ በቃ፣ እሰይ።»

እኔ ያን ዓመት አስታውሰዋለሁ። ስድስተኛው ዓመት ነው። መዝገቤ ላይ «ከካቡ ውጭ ያለው ግጦሽ ፈጽሞ ደርቋል፣ በካቡ ውስጥ ያለው ጥሩ ይዞታ ላይ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ያቺን መስመር በአንድ ጉባኤ ላይ አንብቤያት ተጨብጭቦልኛል። ስለ ጊደር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሊቀ መንበሩ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ዶክተር ሰብለም ጋቢውን አጥፋ ይዛ ቆመች። እኔም ተነሣሁ። ያን ሣር ማንም ተቀምጦበት መዋል የፈለገ አይመስልም። «ተበላሸ እንዴ?» አሉ አያ ጫኔ፤ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ መጣ። እኔ አፌን ስከፍት ሊቀ መንበሩ ቀደሙኝ። «የለም አያ ጫኔ» አሉ፣ የገበሬውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፤ «እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።» እስከ መኪናው ወረድን። እኔ እንኳ ሆዴን አልቆረጠኝም። የምፈራው ነገር ስላለቀብኝ ነው መሰለኝ፣ ባዶ ሆንሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የግምገማው ውጤት መጣ። በምርምር ዘርፍ፣ የመጨረሻው ልኬት ባለመካሄዱ ነጥብ ተቀንሷል፤ ትክክል ነው። በአስተዳደር ደኅና ተሰጥቶኛል፤ ድንጋዮቹ ይመስገኑ። በኅብረተሰብ ተሳትፎ ግን ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶኝ አገኘሁ፤ «የአካባቢው ነዋሪ የምርምር ቦታውን እንደ ራሱ ንብረት የሚንከባከበው መሆኑን በአካል ተገኝተን አረጋግጠናል» ይላል ከሥሩ። ያቺ ነጥብ ስትደመር ለጥቂት አለፍሁ። ፕሮፌሰር ሆንሁ። ባልደረቦቼ ግቢው ውስጥ ድግስ ደገሱልኝ፤ እኔ በየንግግሩ መሐል አንገቷን ካብ ላይ ያስደገፈች ጊደር ትታየኝ ነበር። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ ምን ሆንህ?» አለችኝ። ይኸኛው ግን ጭንቀት አልነበረም።

በሳምንቱ ብቻዬን ወደ ላይ ወጣሁ። ለማንም አልደወልሁም፣ ለማንም አልላክሁም። አያ ጫኔ ከካቡ ጎን ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ፕሮፌሰር መሆኔን ነገርኋቸው። «ከመምህር ይበልጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ይባላል አልኋቸው። «እንኳን ደስ ያለዎ» አሉኝና ገመዳቸውን ቀጠሉ። የአስታ እንጨት መዝጊያው እንደ ጥንቱ ተጠርቅሟል፤ በውስጥ አዲስ ሣር አቆጥቁጧል፤ ከውጭ የሳቸው ሁለት ላሞች አፈር ይልሳሉ። በመንገዱ ሁሉ ያሰብሁትን ንግግር ረሳሁት።

«አያ ጫኔ፣ ጥናቱ አልቋል» አልሁ። «ስለ ጊደሯ ሳልሰማ በመኖሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ መዝጊያውን ይክፈቱት፤ ላሞችዎ ይግቡ፣ ይብሉ።»

ገመዱን አቆሙት። ላሞቹን አዩ፣ ከዚያ ካቡን፣ ከዚያ እኔን። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር በቀለለኝ።

«እንዴት አድርጌ ነው የምከፍተው መምህር?» አሉ። «ለሷ ያልከፈትሁትን?»

 ቦርሳዬን አወረድሁ፣ መዝጊያውን ለራሴ ብቻ ከፍቼ ገባሁ፣ ከኋላዬም ዘጋሁት። ፍሬሜን መሬት ላይ ጣልሁና ተንበርክኬ መቁጠር ጀመርሁ። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ዓመት ከአሥር ያንሳል። አያ ጫኔ ከካቡ ማዶ ሆነው «ስንት ደረሰ?» አሉኝ። «አራት ጣት» አልኋቸው። «ደኅና ነው» አሉና ገመዳቸውን መግመድ ቀጠሉ።